ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸው እና የሰው ዓይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አለኝ። ኦቲዝም አለበት፣ በአፉ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። አብረን ስንወጣ ሰዎች ይጠይቁኛል፤ አንዳንዱ በአፉ፣ አብዛኛው በዓይኑ። እንደኔ ያሉ ወላጆችም ስልክ እየደወሉ ይጠይቁኛል። መልሶቼን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ይህን ጻፍኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ ስለ ሕክምና የምትጠይቁ ባለሙያ ጋ ሂዱ። እዚህ የማወራው ሰው ልጆቻችንንና እኛን እንዴት እንደሚያይ፣ ያ አስተያየትም ቤታችን ድረስ ገብቶ ምን እንደሚያደርገን ነው።

«ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ» ሲባል ማን ማለት ነው?

ስሙ ሰፊ ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ (ሰውነትን ማንቀሳቀስና ጡንቻን ማዘዝ የሚያውክ ጉዳት) ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ ማንበብና መጻፍ ከመጠን በላይ የሚከብዳቸው፣ ትኩረታቸውን መሰብሰብ የሚቸግራቸው ልጆች ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄድ ገና ከሩቅ ይለያል። ሌላው ግን ከውጭ ምንም አይታይበትም፣ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ «ባለጌ» ተብሎ የሚታለፈው።

ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች አካል ጉዳት አለባቸው፤ ከ10 ልጆች 1 ማለት ነው። እስቲ ልጆች በሚውሉበት ቦታ ቆማችሁ ቁጠሩ። ከአስር አንድ ካላገኛችሁ፣ ወይ ጉዳቱ ለዓይን የማይታይ ነው፣ ወይ ልጁ ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

መንገድ ላይ ሳያቸው ዓይኔን የት ላድርገው?

ሌላውን ልጅ እንደምታዩት እዩት። ሁለት ነገር ይጎዳናል። አንዱ ማፍጠጥ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው ጨዋነት የሚመስለው፣ ፊትን ቶሎ ማዞር ነው። ልጄ አይናገር እንጂ ሰው ሲሸሸው ይገባዋል፤ እጄን አጥብቆ ሲይዘኝ አውቃለሁ።

ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ ፈገግ በሉና ሰላም በሉት። እኔን ሳይሆን እሱን። ሰዎች እሱ አጠገቤ ቆሞ «ስሙ ማነው? ስንት ዓመቱ ነው? ይሰማል ግን?» ይሉኛል፣ እንደሌለ ሰው። «እሱን ጠይቁት» እላለሁ። ከዚያ መጠበቅ አለ። ሦስት ሴኮንድ አይበቃውም፣ አስር ወይ አስራ አምስት ሊፈጅበት ይችላል። አንዳንዴ መልሱ ቃል አይሆንም፤ ጎንበስ ብሎ ጫማችሁን ማየት ይሆናል። ያ የእሱ ሰላምታ ነው። በታብሌት ላይ ስዕል እየነኩ የሚመልሱ ልጆችም አሉ፣ እሱም ንግግር ነውና እስኪጨርሱ ጠብቋቸው።

አለመናገርና አለመረዳት አንድ አይደሉም፣ ይህ በደንብ ይታወቅልኝ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ የአፉ ጡንቻ አልታዘዝ ብሎት ቃል ማውጣት ሊያቅተው ይችላል፣ የምትሉትን ግን አንድም ሳያስቀር ሊረዳ ይችላል። ፊቱ ቆማችሁ «አይ ምስኪን፣ ምንም አያውቅም እኮ» ስትሉ ሰምቷችኋል።

ሰው መሀል መሬት ላይ ተጥሎ የሚጮኸው ልጅ፣ ሥርዓት ስላላስተማሩት አይደለም?

የልጅ ጩኸት ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ እልህ ነው። የፈለገው ነገር አለ፣ እያለቀሰ በጎን እናቱን ያያል፣ ሲሰጡት ዝም ይላል። ሌላው ግን አቅም ማለቅ ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ሽታንና ንክኪን እኛ በምንቀበልበት መጠን አይቀበሉትም። እናንተ ልብ እንኳ ያላላችሁት የመብራት ጢዝታ፣ የሰው ጫጫታ፣ የበር መጋጨት፣ አንገት ላይ የሚፈገፍግ የልብስ ምልክት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም በእኩል ጩኸት ይገባባቸዋል። ልጁ ይችላል፣ ይችላል፣ ከዚያ አይችልም። በዚያ ሰዓት ምንም ብትሰጡት አያቆምም፣ ምክንያቱም የጠየቀው ነገር የለም። ቁጣ አያቆመውም፤ ዱላ ደግሞ ጭራሽ ያባብሰዋል። የሚያቆመው ጸጥታ፣ ቦታና ጊዜ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቱ እያለ አንድ ቀን ረጅም ወረፋ ላይ ቆመን ድምፅ ማጉያው በድንገት ጮኸ። መሬት ላይ ወድቆ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ አጠገቡ ተንበረከክሁ። አንዲት ሴት «አንዴ ብትቆነጥጪው ይተዋል» አለችኝ። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እኔ ያን ጊዜ ልጄን ላረጋጋው ወይስ ፊቱን ልሸፍንለት ግራ ገብቶኝ ነበር። ከዚያ አንዲት ትልቅ ሴት መጡ፣ ምንም አላሉኝም፣ ቦርሳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ጀርባቸውን ለእኛ፣ ፊታቸውን ለሰዉ አዙረው ቆሙ። ልክ እንደ ግድግዳ። አስር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆዩ፣ ልጄ ጸጥ ሲል ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ። ስማቸውን አላውቅም። እስከ ዛሬ ግን «ምን እናድርግ?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ የምነግረው የሳቸውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ቦታ ልቀቁ። አትሰብሰቡ። ልጁን አትንኩት፣ የማያውቀው እጅ ነገሩን ያከብደዋል። ወላጁን አንድ ጊዜ ብቻ በዝግታ «ምን ላግዝ?» በሉ፤ «ምንም» ካለች አምናችኋት ራቅ በሉ። እቃዋን መያዝ፣ ወረፋዋን መጠበቅ፣ በር መክፈት ትልቅ እገዛ ነው። እና እባካችሁ አትቅረጹ። ልጁ ያደረገው ነገር የለም፣ በሕይወቱ በጣም የከፋውን አስር ደቂቃ ግን እናንተ ለማያውቁት ሰዎች ልታሳዩ ነው።

የማይታይ ጉዳት ያለበትን ሰው ለመለየት የሚረዳ ምልክትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ የሱፍ አበባ ስዕል ያለበት አረንጓዴ የአንገት ማንጠልጠያ ተጀመረ፣ አሁን በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ያንን ያደረገ ሰው «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ማለቱ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የተጠቀሙበት ወላጆች ይወዱታል። እኔ የምመኘው ግን ለትዕግሥት ምልክት የማያስፈልግበትን ቀን ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እናቱ በእርግዝና ጊዜ ምን ሆና ነበር?

ይህን እናቲቱን እየጠየቃችሁ ከሆነ፣ እሷ ራሷን በሌሊት ስንት ጊዜ እንደጠየቀች አስቡ።

ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው ልጁ ከ21ኛው ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ከወላጅ የሚወረሰውን መረጃ የሚይዝ ክፍል) ሁለት በመያዝ ፈንታ ሦስት ሲይዝ ነው። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአብዛኛው ጊዜ ሕዋስ ሲከፈል በአጋጣሚ የሚፈጠር ነገር ነው፣ እናቲቱ አድርጋው ወይም ትታው የመጣ አይደለም። የዳውን ሲንድሮም ቀን ማርች 21 የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሦስተኛው ወር፣ ሃያ አንደኛው ቀን። ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በታዳጊው አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት ወይም በእድገቱ መዛባት ይመጣል። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፣ የዘር ድርሻውም ትልቅ ነው።

«እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው፣ ክፉ መንፈስ ነው» የሚል ሰው በየትኛውም ዓለም አይጠፋም። ወላጅን መውቀስ ግን ያልተማረ ሰው ብቻ የሚያደርገው እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ትልልቅ ባለሙያዎች ልጆቹ እንዲህ የሆኑት እናቶቻቸው ስለማይወዷቸው ነው ብለው አስተማሩ። «እንደ ማቀዝቀዣ የቀዘቀዙ እናቶች» የሚል ስም ወጣላቸው። ከነሱ አንዱ የሆነው ብሩኖ ቤትልሃይም ይህን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨ። አስቡት፣ ልጅሽ ለምን እንደማያይሽ ግራ ገብቶሽ ሐኪም ጋ ስትሄጂ «ስለማትወጂው ነው» ስትባዪ። ያንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1964 በማስረጃ ከተቃወሙት ዋነኛው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር።

ክትባት ነው የሚሉም አሉ። ወሬው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል ሐኪም 12 ልጆችን ይዞ ካሳተመው ጽሑፍ ነው። ያሳተመው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፣ ሰውየውም በዚያው ዓመት ከሐኪምነት መዝገብ ተፍቋል። በብዙ አገሮች ብዙ ልጆችን ያዩ ጥናቶች ምንም ግንኙነት አላገኙም። ይህን የምጽፈው ለክርክር አይደለም። ልጇን ያስከተበች እናት «በገዛ እጄ ነው» እያለች ስታለቅስ ሰምቻለሁ፣ ያ ለቅሶ ምክንያት የለውም።

ከልጄ ጋር ቢጫወት ይተላለፍበታል?

አይተላለፍም። ኦቲዝምም፣ ዳውን ሲንድሮምም፣ ሴሬብራል ፓልሲም አይተላለፉም። የሚጥል በሽታም አይተላለፍም፣ ልጁ ሲወድቅ መንካት ምንም አያመጣባችሁም። በጎኑ አዙሩት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ አጥብቃችሁ አትያዙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ የሕክምና እርዳታ ጥሩ።

ምን ብዬ ልጥራቸው? አንዱን ቃል ስል ሌላው ይቆጣል።

በስሙ። ልጁ ስም አለው፣ ከሁሉም እሱ ይቀድማል።

ስለ ሁኔታው ማውራት ካስፈለገ «ኦቲዝም ያለበት ልጅ»፣ «ዳውን ሲንድሮም ያለባት ልጅ»፣ «መስማት የተሳነው»፣ «ማየት የተሳናት» ማለት ይቻላል። ካደጉት መካከል «ኦቲስቲክ ነኝ» ብለው መጠራት የሚመርጡ አሉ፤ ሰውየው ራሱን በሚጠራበት ጥሩት። «ዱዳ»፣ «ደንቆሮ»፣ «ሽባ»፣ «ጅል»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉት ቃላት ግን ለእኛ ቃል ብቻ አይደሉም፣ ልጆቻችን የተመቱባቸው ድንጋዮች ናቸው። ጓደኛን ለመሳደብም አትጠቀሙባቸው፤ ስድቡ ወደ ጓደኛችሁ ተወርውሮ የሚያርፈው የእኛ ልጅ ላይ ነው።

ማንም ልብ የማይለው አንድ ቃል ደግሞ አለ። «የኔ ልጅ ጤነኛ ነው» ይላሉ፣ አጠገባችን ሆነው። የኔም ጤነኛ ነው እኮ። ጉንፋን እንኳ የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አልታመመም።

ማዘን ምን ክፋት አለው? ሰው ነኝ፣ አንጀቴን ይበላኛል።

ክፋት የለውም። ያዘነ ሰው ከሚሳደብ ይሻላል። ነገር ግን ከንፈር መምጠጥ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ልጄ ደስ ብሎት፣ እጁን እያራገበ፣ እየሳቀ ሲሄድ አንድ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። ያ ድምፅ «የአንቺ ቀን መጥፎ ቀን ነው» ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ጥሩ ቀን ላይ ነበርኩ።

«እግዚአብሔር ለሚችል ነው የሚሰጠው» የሚለውም አለ። በቅን ልብ እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ከዚህ በኋላ ምን ማለት ይቀረኛል? ደክሞኛል ብል የማልችል ልሆን ነው። «አንቺ እኮ ጀግና ነሽ» የሚሉኝ ሰዎችም ይወዱኛል፣ አብዛኞቹ ግን አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት እንኳ ልጁን ይዘውልኝ አያውቁም። ጀግና ከሆንኩ እርዳታ አያስፈልገኝማ።

በምትኩ ምን እንበል? «ዛሬ እንዴት ዋላችሁ?» በሉ። «ምን ይወዳል?» በሉ። ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቀኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ! ልጄ ካርታ ይወዳል። የአገሮችን ቅርጽ በቃሉ ይስላል። የጠየቀኝ የለም እንጂ ሰዓት ሙሉ አወራላችኋለሁ።

ልጄ ጮክ ብሎ «እማዬ፣ ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ቢለኝስ? መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኛል።

አታፍሩ፣ አፉንም አትያዙት። «ዝም በል!» ብላችሁ ስትጎትቱት የተማረው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ያለው ልጅ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ነገር መሆኑን። ልጅ ሲጠይቅ ለማወቅ ነው፣ ክፋት የለበትም። በተለመደው ድምፃችሁ «እግሩ በደንብ ስለማይሄድለት ወንበሩ ያግዘዋል፣ ና ሰላም እንበለው» በሉት። የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም፣ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም» ይበቃል። በነገራችን ላይ ልጆች ከእኛ ይፈጥናሉ። ስሙን ጠይቀው፣ ወንበሩ ፍሬን እንዳለው አጣርተው፣ ወደ ጨዋታቸው ይገባሉ።

አንድ ክፍል ቢማሩ የኔን ልጅ ወደኋላ አይጎትቱብኝም?

ይህን የሚጠይቅ ወላጅ ክፉ አይደለም፣ ለልጁ ነው የሚያስበው። እኔም ለልጄ ነው የማስበው፣ ስለዚህ እንግባባለን።

አንድ ትምህርት ቤት ልጄን ሊመዘግበው ተስማምቶ ነበር። በኋላ «ሌሎች ወላጆች ቅር ይላቸዋል» ተባልኩ። ልብ በሉ፣ መምህራኑ አይችሉም አልተባልኩም፣ ክፍሉ አይመችም አልተባልኩም። ልጄን ገና ያላዩት ሰዎች ቅር ስለሚላቸው ነው። እስከ መኪናው ድረስ ሳላለቅስ ሄድኩ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ1994 የ92 መንግሥታት ተወካዮች በስፔን ሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች በመደበኛ ትምህርት ቤት መማር እንዳለባቸው ተስማምተዋል። እዚያ ላይ የወጣው መግለጫ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሰዎችን አግላይ አመለካከት ለመዋጋት ከሁሉ የሚሻሉ መንገዶች ናቸው ይላል። ነገሩን ሁለቴ አንብቡት። ጥቅሙ ለኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ልጅ አመለካከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 አካታች ትምህርትን መብት አድርጎታል።

እውነቱን ለመናገር ግን ልጅን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተው አካቶ ትምህርት አይደለም። ያልሠለጠነ መምህር፣ ስልሳ ልጅ፣ ረዳት የለም፣ ከዚያ «ሞክረነው አልሆነም»። ያ ልጁንም መምህሩንም ሌሎቹንም ይጎዳል። ስትቆጡ ልጁን ትታችሁ እገዛውን ያላሟላው አስተዳደር ላይ ተቆጡ፣ እኔም አብሬያችሁ እቆጣለሁ። በነገራችን ላይ አንድን ነገር በስዕል ጭምር የሚያስረዳ፣ ቀስ ብሎ የሚደግም፣ የቀኑን ፕሮግራም ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ለማን ይጠቅማል? ለሁሉም።

ወላጆች ልጆቻቸውን ለምን ይደብቃሉ? ጭካኔ አይደለም?

አንዳንዴ ጭካኔ ነው። አስሮ ማስቀመጥ፣ ከሰው መለየት፣ ሕክምና መከልከል ጥፋት ነው፣ ለማንም አልከላከልም። አብዛኛው መደበቅ ግን እንዲህ አይጀምርም። መጀመሪያ አንድ ሠርግ ይቀራል፣ ምክንያቱም ባለፈው ሰዎች አፍጥጠው ነበር። ከዚያ አንድ ለቅሶ። ከዚያ አውቶቡስ መሳፈር። ከዚያ የአምልኮ ቦታ፣ አንድ ሰው ዞር ብሎ «እሽሽ! ዝም አሰኙት» ስላለ። አንድ በአንድ እየቀነሰ ሄዶ አንድ ጠዋት ስትነሡ ቤታችሁ ብቻ ቀርቷል። ማንም «ደብቁት» አላለም። የዓይን ሥራ ነው።

የማኅበረሰብ ተመራማሪው ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ መገለል ሲጽፍ፣ ማኅበረሰቡ የናቀው ሰው አጠገብ የቆመ ሰውም ከንቀቱ ድርሻውን እንደሚወስድ አሳይቷል። እናት፣ አባት፣ እህት። ልጃችን ላይ የተቀሰረው ጣት እኛንም ይነካናል።

ሁለት የታወቁ ቤተሰቦችን ላንሣ። በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሻርል ደ ጎል እ.ኤ.አ. በ1928 ዳውን ሲንድሮም ያለባት አን የምትባል ልጅ ወለዱ። በዘመኑ አቅም ያለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጅን ተቋም ማስገባት የተለመደ ነበር። እነሱ ግን ከሌሎቹ ልጆቻቸው ጋር ቤታቸው አሳደጓት፣ በ1948 በ20 ዓመቷ እስክትሞት ድረስ አልተለየቻቸውም። በአሜሪካ በኬኔዲ ቤተሰብ ደግሞ ሮዝመሪ የምትባል ልጅ ነበረች፣ ከልጅነቷ የመማር ችግር የነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1941 አባቷ አእምሮዋን ቀዶ ሕክምና አስደረጉባት፣ ከዚያ በኋላ በወጉ መናገርም መራመድም አቃታት፣ ተቋም ገባች፣ ቤተሰቡ ለዓመታት ዝም አለ። ዝምታውን በ1962 በአደባባይ ጽፋ የሰበረችው እህቷ ዩኒስ ናት። በ1968 በቺካጎ የመጀመሪያውን ስፔሻል ኦሊምፒክስ (የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ የስፖርት ውድድር) ያስጀመረችውም እሷው ናት። ሀብትና ዝና ከሰው ዓይን አላዳናቸውም፤ ፍርሃቱ እኛ የምናውቀው ፍርሃት ነው።

ዘመድ «ከኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ይላል። ምን ይባላል?

ምንም። ይህ አባባል እናትን ወይ አባትን ነጥሎ ለመክሰስ ነው የሚወጣው፣ ስንት ትዳር በሱ ተናግቷል። ባልና ሚስት አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ የራሱን ወገን ራሱ ይመልስ፣ የራሷን ራሷ። አማቴ አንድ ጊዜ ይህን ሲሉ ባለቤቴ «እማዬ፣ አሁን አለ» አላቸው። ሌላ አልጨመረም። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ወንድምና እህቶቹስ?

የሚረሱት እነሱ ናቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ በወንድማቸው ይሰደባሉ፣ ቤት ሲመጡ እናት ደክሟታል፣ ስለዚህ አይናገሩም። ቤታችን ስትመጡ ትልቋን ልጄን ስለ ወንድሟ ብቻ አትጠይቋት። ስለ ፈተናዋ ጠይቋት፣ ስለ ጓደኞቿ። «አንቺ ነሽ የወንድምሽ ተስፋ» አትበሏት፣ አስራ አራት ዓመቷ ነው።

(ከወላጅ) ሰው በልጄ ፊት ክፉ ሲናገር ምን ልመልስ?

ሁሉንም መመለስ አትችሉም፣ ግዴታም የለባችሁም። እኔ በፊት እጣላ ነበር፣ ቤት ስገባ ደግሞ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን ሦስት ዓረፍተ ነገር አለኝ። ሳያውቅ ለተናገረ፦ «ኦቲዝም አለበት፣ ድምፁ በዝቶበት ነው፣ ትንሽ ጊዜ ስጡን»። አውቆ ለተሳደበ፦ «ልጄ ይሰማዎታል»። ይቺ ሁለተኛዋ ብዙ ሰው ታሳፍራለች። ሦስተኛው ለልጄ ነው፣ ጎንበስ ብዬ በጆሮው የምለው፦ «ምንም አላጠፋህም»። ከሦስቱ አንዷን ብቻ የምትናገሩበት አቅም ካላችሁ የመጨረሻዋን ተናገሩ።

የልጁን ሁኔታ ለማንም መንገደኛ የመዘርዘር ዕዳ የለባችሁም። የእሱ ጉዳይ ነው፣ አድጎ ራሱ ይናገረው ይሆናል።

የሰው አመለካከት እውነት ይለወጣል?

ይለወጣል። ቀስ ብሎ ነው እንጂ ይለወጣል። የአካል ጉዳተኞች ስምምነቱ አንቀጽ 8 መንግሥታት የተዛባ አመለካከትን እንዲታገሉ ያስገድዳል፤ ይህ ጥሩ ነው። ፖስተርና የዓመት አንድ ቀን ግን ብቻቸውን ብዙ ርቀት አይወስዱም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው ጥላቻ የሚቀንሰው ሰዎች በእኩል ደረጃ ተገናኝተው አንድ ነገር አብረው ሲሠሩ ነው። እኩል የሚለው ቃል ላይ ነው ነገሩ። የእናንተ ልጅ ለኔ ልጅ ልብስ ይዞ መጥቶ፣ ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ቢሄድ እኩል አልሆኑም። አብረው ግድግዳ ቀለም ቢቀቡ፣ አብረው ኳስ ቢያሳድዱ፣ በአንድ ቡድን ቢሸነፉ ግን ይሆናሉ።

በሠፈራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ልጄን ሲያዩ የሚያማትቡ። አሁን ካርታ ይዘው ይመጣሉ። በምን ተለወጡ ብትሉኝ በትምህርት አይደለም። አንድ ቀን በር ላይ ተቀምጠው አንድ አገር አምታቱ፣ ልጄ ጣቱን አንሥቶ አረማቸው።

ለልጄ ልደት ልጥራው ወይስ ያስቸግረዋል?

ጥሩት። ልጄ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጠራው ሁለት ጊዜ ነው። ስትጠሩ እናቱን በፊት ደውላችሁ «ምን ያስጨንቀዋል?» በሏት። ምናልባት ፊኛ ሲፈነዳ ይፈራል፣ ምናልባት ሙዚቃው ቀነስ ቢል ይበቃል። ጸጥ ያለ አንድ ክፍል አሳዩአት፣ ሲከብደው የሚገባበት። ከሌሎቹ ጋር ባይጫወት፣ ጥግ ላይ ሆኖ የአሻንጉሊት መኪና ጎማ ቢያሽከረክር፣ አልተደሰተም ብላችሁ አትጨነቁ፣ እየተደሰተ ሊሆን ይችላል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ «እንሂድ» ካለም አትከፉ። ባለፈው የተጠራን ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየን፣ ማታ ሲተኛ የባለልደቱን ልጅ ስም ሦስት ጊዜ ጠራው።